ከእሳት የወጣች ልጅ

ልብ ወለድ ታሪክ ለክርስቲያን ቤተ ሰብ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም። እኛ በቤተ ክርስቲያን ከፊደል ጀምረን በዲቁና ያገለገልን፥ በኋላም በዘመናዊው ትምህርት ቤት ተምረን የምናስተምር ሰዎች ክርክሩን ከሁለቱም ወገን ስንሰማው ኖረናል። ያልተደረገውን እንደ ተደረገ አድርጎ መጻፍ ሐሰት ነው የሚሉ አሉ፤ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ያንብብ፥ ንባብ ምን ጊዜም ትርፍ እንጂ ኪሳራ የለውም የሚሉም አሉ። የሚያስገርመን ሁለቱም ወገኖች ብዙውን ጊዜ መጽሐፉን ሳይገልጡ መፍረዳቸው ነው።

በቅርቡ አንዲት እናት፥ ሴት ልጃቸው ሌሊት ሌሊት ከአንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ላይ ዓይኗን አልነቅል ብላ ቢያስቸግራቸው፥ መጽሐፉን ከነጠላቸው ሥር ሸሽገው ይዘውልን መጡ። «መምህር፥ እባክዎ ይመልከቱልኝ፤ አስማት አለበት አሉኝ። ካለበት ከቤቴ ይውጣ፤ ከሌለበት ደግሞ ልጄን በከንቱ አላስቀይማት» አሉን። እውነትም በከንቱ ከማስቀየም አስቀድሞ መጠየቅ የአስተዋይ እናት ሥራ ነውና፥ አንብበን እንነግርዎታለን ብለን ተቀበልናቸው። ከአንዱ ተነሥተንም ተከታዮቹንና ቀዳሚዎቹን ሁሉ ፈልገን አነበብን። ያገኘነው ነገር ለአንድ ቤት ብቻ የሚነገር ስላልመሰለን እዚህ ልንጽፈው ወደድን።

መጽሐፉ «ቴሃኑ» ይባላል። ደራሲዋ ኡርሱላ ለ ጉዊን የተባሉ አሜሪካዊት ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በዚያው ነው) በ1929 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ከተማ ተወልደው፥ በ2018 ዓ.ም. በፖርትላንድ ከተማ ዐርፈዋል። አባታቸው የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ልማድና ቋንቋ የሚመረምሩ ስመ ጥር ሊቅ ነበሩ። ወይዘሮዋ የእኛን ሃይማኖት የሚከተሉ አልነበሩም፤ የጥንቱን የቻይና ፈላስፋ የላኦ ጹን መጽሐፍ እጅግ ከመውደዳቸው የተነሣ በ1997 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ አዘጋጅተው አሳትመውታል። ይህን አስቀድመን የምንናገረው አንባቢ በመጽሐፉ ውስጥ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ፈልጎ እንዳይደክም ነው።

እኒህ ደራሲ ኧርዝሲ የሚባል፥ በውቅያኖስ ላይ የተበተኑ ደሴቶች ያሉበት፥ በየትኛውም ካርታ የማይገኝ ዓለም በአሳባቸው ፈጠሩ። በ1968፥ በ1971 እና በ1972 ዓ.ም. ሦስት መጻሕፍት ጻፉበት። ከዚያ 18 ዓመት ቆይተው በ1990 ዓ.ም. አራተኛውን፥ ማለት «ቴሃኑ»ን አወጡ፤ ኔቡላ የተባለውንም ሽልማት አገኙበት። የዚያ ዓለም አብዛኛው ሰው ጠይም ወይም ጥቁር ነው፤ ነጮቹ በአንድ ዳርቻ ካሉ ጥቂት ደሴቶች የሚመጡ ባዕዳን ናቸው። በሌሎች የዚህ ዓይነት መጻሕፍት ዘወትር ነጭ ጀግና ማንበብ ለለመዱ ልጆቻችን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዳሩ ግን በመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት ኀይል ሁሉ የወንዶች ነበር። ታላቁ የጥበብ ትምህርት ቤት ሴት አያስገባም፤ የሴቶች ጥበብ እንደ ተራ ነገር ይናቃል። ደራሲዋ ይህን መልሰው መላልሰው ካሰቡበት በኋላ ነው አራተኛውን የጻፉት።

ታሪኩ የሚጀምረው በጎንት ደሴት፥ ባሏ በሞተባት ቴናር በምትባል የገበሬ ሚስት ዘንድ ነው። ከወንዝ ዳር ሠፍረው የነበሩ ቤት የለሽ መንገደኞች አንዲት ሕፃን ደብድበው፥ ለቤተ ሰብ በሚነበብ መጽሔት ላይ ልንጽፈው የማይገባንንም በደል ፈጽመውባት፥ በመጨረሻ ከእሳት ጣሏት። ሰዎቹ የገዛ ወገኖቿ ናቸው። ልጂቱ ከሞት ተረፈች፤ የፊቷ አንዱ ወገን ከነዓይኑ ጠፋ፤ አንድ እጇ ተኮማተረ፤ ድምፅዋም እንደ ታፈነ ሹክሹክታ ሆነ። ቴናር አስታመመቻት፥ ወደ ቤቷም አስገባቻት፤ ቴሩ ብላም ጠራቻት። ቴሩ በቴናር የትውልድ አገር ቋንቋ የሚነድድ እሳት ማለት ነው። እሳት ያቃጠላትን ልጅ እሳት ብሎ መጥራት መጀመሪያ ጭካኔ መስሎን ነበር፤ መጽሐፉ እየገፋ ሲሄድ ግን ሴትየዋ ሳታውቀው እውነቱን እንደ ተናገረች ይታወቃል።

ከዚህ በኋላ ጀብዱ የሚሻ አንባቢ ይሰለች ይሆናል። ብዙው ገጽ ፍየል ማገድ፥ ክር መፍተል፥ ምግብ ማሰናዳት፥ የታመመ መጠየቅ ነው። የቀድሞዎቹ መጻሕፍት ጀግና የነበረው ጌድ እንኳ ኀይሉን ሁሉ አጥቶ፥ ደክሞና አፍሮ ይመጣና ፍየል ጠባቂ ይሆናል። እኛ ግን ከሁሉ ይልቅ የወደድነው ይህን ክፍል ነው። ደራሲዋ ነገሩን የገለጡበትን አንድ ምሳሌ እንንገር። በመንደሩ ያለ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ያማረ ማራገቢያ አለው። በአንዱ ገጹ ሰዎች ከነከተማቸው ተሥለውበታል፤ ወደ ግድግዳው ዞሮ በሚኖረው በሌላው ገጹ ደግሞ ዘንዶዎች አሉ። ማራገቢያውን ወደ ብርሃን ሲያነሡት ሁለቱ ሥዕሎች አንዱ በአንዱ ውስጥ ያልፉና ሰዎቹ ክንፍ አውጥተው ይታያሉ። ስስ ብራና ወደ ፀሐይ አንሥቶ የጀርባው ጽሕፈት በፊተኛው መካከል ሲታይ ያየ የአብነት ተማሪ ይህን ሥዕል ለመረዳት ችግር የለበትም። ልጂቱም እንዲሁ ናት። ሁሉ የሚያየው አንዱን ገጽ ነው፤ ወደ ብርሃን የሚያነሣት ግን ጠፋ።

መንደርተኛው ሁሉ ክፉ አይደለም። አንዳንዱ ያዝናል፥ ምግብም ይሰጣል፤ ነገር ግን ፊቷን ማየት አይችልም። ይህን ያህል መከራ የደረሰበት ሰው አንዳች ምክንያት ሳይኖረው አይቀርም የሚል ስውር አሳብ በሁሉም ልብ አለ። የመንደሪቱ ጠንቋይት ልጂቱን እንድታስተምር ብትለመን ፈርታ እምቢ አለች። ይህ አሳብ በኧርዝሲ ብቻ የሚገኝ እንዳይመስለን። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርት ጌታችንን የጠየቁት ጥያቄ በዮሐንስ ወንጌል ዘጠነኛ ምዕራፍ ተጽፏል፤ ኃጢአቱ የማን እንደ ሆነ ነው የፈለጉት። ጌታ የመለሰላቸውን መልስ በየዓመቱ በዐቢይ ጾም እንሰማለን፤ ጥያቄው ግን ዛሬም ከአፋችን አልወጣም።

ከብዙ ዓመት በፊት እናስተምርበት በነበረ ክፍል ውስጥ፥ በሕፃንነቷ ከምድጃ ወድቃ ጉንጯና አንድ እጇ የተቃጠለ ልጅ ነበረች። እናቷ ውኃ ለመቅዳት ወጥተው ሳለ ነው የወደቀችው። በትምህርቷ መካከለኛ፥ በጽሕፈቷ ግን ከክፍሉ ሁሉ የምትበልጥ ነበረች፤ በደኅናይቱ እጇ የምትጥለው ፊደል የቁም ጸሓፊ እጅ ይመስል ነበር። አንድ ቀን ከጎኗ የሚቀመጥ የአንድ ተማሪ አባት መጥተው፥ «ልጄን ከዚያ ቦታ ቢያነሡልኝ። የሚተላለፍ ነገር ነው ብዬ አይደለም፤ አውቃለሁ። ግን…» ብለው ዝም አሉ። እኛም ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ጠበቅን፤ አልመጣም። ሰውዬው ደግ ሰው ነበሩ፤ በዓመት በዓመት ለድኾች ተማሪዎች ደብተር የሚገዙ ነበሩ። ልጁን ከተቀመጠበት አላነሣነውም፤ እርሳቸውም ሁለተኛ አልጠየቁም። ያን «ግን» ግን አልረሳነውም። «ቴሃኑ»ን ስናነብ ደራሲዋ መጽሐፍ ሙሉ የጻፉት ስለዚያ አንድ ቃል መሰለን።

አሁን እናትዮዋ ወደ ጠየቁን ወደ አስማት እንመለስ። አስማት የሚለው ቃል ራሱ የግእዝ ቃል ነው፤ የስም ብዙ ቍጥር ነው። አንዱ ስም፥ ብዙው አስማት። የኅቡእ ስሞችን ኀይል የሚሹ ሰዎች እየበዙ ሲሄዱ ነው ቃሉ በአማርኛችን ከስምነት ወርዶ የጥንቆላ መጠሪያ የሆነው። በለ ጉዊን ዓለምም ነገሩ ሁሉ የቆመው በዚሁ በስም ላይ ነው። ድንጋዩም፥ ወፉም፥ ሰውም እያንዳንዱ በጥንታዊው ቋንቋ እውነተኛ ስም አለው፤ ስሙን ያወቀ በባለ ስሙ ላይ ሥልጣን ያገኛል። ስለዚህ ሰው ሁሉ እውነተኛ ስሙን ሸሽጎ በቅጽል ይጠራል፤ እውነተኛ ስሙን የሚነግረው እንደ ነፍሱ ለሚያምነው ብቻ ነው። ከግእዙ ሰዋስው ጋር ሳይነጋገር የገጠመ ነገር ነው።

ይህ ለእኛ አገር ልጅ ምን እንግዳ ነገር አለው? ልጆች ሳለን እናታችን የክርስትና ስማችንን ለማንም እንዳንናገር በብርቱ ያስጠነቅቁን ነበር፤ መተተኛ እንዳይሰማው ነው። ይህ ፍርሃት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ወንዱን በ40 ቀኑ፥ ሴቲቱን በ80 ቀኗ አጥምቃ ስም የምትሰጠው እንዲሸሸግ ሳይሆን፥ በጸሎት እንዲጠራበት፥ በመጨረሻም በፍትሐት እንዲታሰብበት ነው። ዛሬም አንዳንድ ቤት መጽሐፉን ከልጅ እጅ ነጥቆ፥ ለዚያችው ልጅ ገንዘብ ከፍሎ ያስጻፈውን ክታብ በአንገቷ ያንጠለጥላል። እንግዲህ ከሁለቱ አስማት ያለበት የትኛው ነው? አስማት ያለበት መጽሐፍና የአስማት መጽሐፍ ልዩ ልዩ ናቸው። የለ ጉዊንን መጻሕፍት ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው አንዲት ክታብ ለመጻፍ የሚበቃ ትምህርት አያገኝባቸውም፤ ኀይልን የተመኘ ሰው በምን እንደሚጠፋ ግን በሰፊው ያገኝበታል። ለእናትዮዋም የነገርናቸው ይህንኑ ነው።

ስለ ስም ከተነሣ፥ ቴናር ራሷ ስሟን የተነጠቀች ሴት መሆኗን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1971 ዓ.ም. የወጣው መጽሐፍ የእርሷ ታሪክ ነው። ገና ሕፃን ሳለች ከእናት ከአባቷ ቤት ወስደው ለጨለማ ኀይላት ካህን አደረጓት፤ ስሟንም ነጥቀው አርሃ፥ ይኸውም የተበላች አሏት። ከመቃብሩ ሥር ካለው ጨለማ ስትወጣ ጌድ የመለሰላት የመጀመሪያ ነገር ስሟን ነው። ስሟ የተመለሰላት ሴት ነች እንግዲህ ስም የሌላትን ልጅ የተቀበለችው። አስተዳደጓም የሚያስደንቅ ነው። ልጂቱን እንደ ሌሎቹ አዛኞች አታታልላትም፤ ጠባሳሽ አያስቀይምም አትላትም። ጠባሳው አስቀያሚ ነው፥ የተደረገብሽም ነገር ክፉ ስለ ሆነ ነው፥ አንቺ ግን ጠባሳው አይደለሽም የሚል ትርጉም ያለው ነገር ትነግራታለች። እኛ መምህራን እንዲህ ላለ ልጅ የምንናገረው ስናጣ ወደ ልብስና ወደ ከረሜላ እንሮጣለን። እንዲህ ዓይነቱን እውነት ለመናገር የሚደፍር ግን ልጁን በእውነት የሚወድ ብቻ ነው።

ከላይ ያነሣናትን ተማሪያችንን በሚመለከት አንድ ነገር እንጨምር። በአንድ የበዓል ቀን ተማሪዎቹን ወደ ጠበል ወስደን ሳለ ካህኑ የእያንዳንዱን ስመ ክርስትና እየጠየቁ ይጸልዩ ነበር። ልጆቹ እናቶቻቸው እንዳስጠነቀቋቸው በካህኑ ጆሮ በሹክሹክታ ይናገሩ ነበር። እርሷ ተራዋ ሲደርስ ሁላችን እየሰማን በሙሉ ድምፅ ተናገረች። ወለተ በሚል የሚጀምር ስም ነበር፤ እንደ አብዛኞቹ ሴቶች ልጆች። ክፍል ውስጥ በዚያ ድምፅ ስትናገር ሰምተናት አናውቅም። ወለተ ማለት የእገሌ ሴት ልጅ ማለት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ለንጉሥ ልጅም ለገባር ልጅም ያንኑ ወለተ ትሰጣለች፤ ፊቷን አይታ አትመርጥም።

የመጽሐፉም ራስ ያለው እዚህ ላይ ነው። የዚያ ዓለም ሊቃውንት አለቃቸውን አጥተው ሲፈልጉ፥ በጎንት ያለች ሴት የሚል ምልክት ተሰጥቷቸው ነበር። ከእነርሱ አንዱ በመርከብ ላይ ከቴናር ጋር ስለዚሁ ይነጋገራል፤ ልጂቱ በዚያው መርከብ ላይ ናት፤ ግን ወደ እርሷ የሚመለከት የለም። ሳሙኤል የእሴይን ልጆች በተራ ሲያያቸው ታናሹ በበጎች ዘንድ ነበርና፥ ይህን ያነበበ ክርስቲያን ወዲያው የሚያስበውን ያስባል። በመጨረሻ አንድ ክፉ ጠንቋይ ቴናርንና ጌድን በምትሐት አስሮ፥ አዋርዶ፥ ከገደል ሊጥላቸው ይነዳቸዋል። የተቃጠለችው ልጅ ብቻ ሳትያዝ ቀርታ ወደ ገደሉ አፋፍ ሮጠች፥ ማንም ባላስተማራት ጥንታዊ ቋንቋም ካሌሲን የተባለውን ታላቅ ዘንዶ በስሙ ጠራችው። እርሱም መጣ፤ ክፉዎቹንም በእሳቱ አጠፋቸው። ከዚያም እውነተኛ ስሟን፥ ቴሃኑ የሚለውን፥ ሰጣት፤ ልጄም አላት። የገዛ ወገኖቿ ወደ እሳት የጣሏት ልጅ፥ እሳት የሆነው ልጄ ብሎ ጠራት። ከእርሱ ጋር ከመሄድ ይልቅ ግን፥ ካሳደገቻት ሴት ጋር መቅረትን መረጠች።

በዚህ ቦታ ከደራሲዋ የምንለይበትን ሳንደብቅ እንናገራለን። ልጆቻችን ዘንዶን የሚያውቁት በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ነው፤ ብሩታዊት ከዛፉ ላይ ሆና፥ ዘንዶው ከፈረሱ ኮቴ በታች ተወግቶ። በራእየ ዮሐንስም ዘንዶ ማን እንደ ሆነ የታወቀ ነው። በዚህ መጽሐፍ ግን ልጂቱን የሚያድናት ራሱ ዘንዶው ነው፤ እርሱም ክፉ አይደለም። ይህ የሌላ ዓለም ተረት መሆኑን ለልጅ ማስረዳት ቀላል ነው፤ ማስረዳት ግን ያስፈልጋል። የወለተን ስም ያነሣነውም ዘንዶውን ከሰማያዊ አባት ጋር ለማስተካከል እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልናል። ከዚህ ይልቅ የከበደን ሌላ ነው። ያቺን ልጅ እሳት አቃጠላት፤ ጠላቶቿንም እሳት በላቸው። ንባቡ ለጊዜው ደስ ያሰኛል፥ እኛም ደስ ብሎናል። ነገር ግን በእኛ ክፍል ጀርባ ለተቀመጠችው ልጅ የሚመጣ ዘንዶ የለም። ነገም በዚያው ወንበር ላይ ከእኛው ጋር ናት፤ ያ «ግን» ያሉትም ሰው ከነልጃቸው እዚያው ናቸው። ደራሲዋ ከዘንዶው በፊት በጻፉት ሁለት መቶ በሚያህል ገጽ፥ ማለት በምድጃውና በክር መፍተያው ዘንድ፥ የነገሩን ይበልጥ እውነት ነው ብለን የምንፈርደው ስለዚህ ነው። ቴናር ልጂቱን ስትቀበላት የዘንዶ ልጅ መሆኗን አላወቀችም፤ የተቃጠለች ልጅ ናት ብላ ነው የተቀበለቻት።

መጽሐፉን ለማን እንስጠው ለሚሉን፥ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሥራ ሁለት ዓመት ለሞላው ልጅ ይሆናሉ። «ቴሃኑ»ን ግን በውስጡ በተጠቀሰው በደል ምክንያት አሥራ ስድስት ዓመት ላልሞላት ልጅ ባንሰጣት እንመርጣለን፤ ለሞላትም እናቷ ወይም አባቷ አብረው ቢያነቡት ይሻላል። ወላጆች ብቻቸውን ቢያነቡትም አይከስሩበትም።

የታሪኩ ፍጻሜ ያለው በ2001 ዓ.ም. በወጣው በመጨረሻው መጽሐፍ ነው። ቴሃኑ አድጋ ኰረዳ ሆናለች፤ ነገር ግን በሰው ፊት እንደ ዱሮው አፋር ናት፤ የተቃጠለውን ወገኗን ትሸሽጋለች። ንጉሥ አስጠርቷት ከቴናር ጋር ወደ ታላቁ ከተማ ትሄዳለች፤ ከዘንዶዎችም ጋር ስለ ሰዎች ትነጋገራለች። በመጨረሻ የተሸሸገው የማራገቢያው ገጽ ይገለጣል፤ ክንፍ አውጥታ፥ እንደ ወርቅ እያበራች፥ ወደ ሰማይ ትበርራለች። ቴናር ወደ ጎንት ብቻዋን ትመለሳለች፤ ጌድ በአሮጌው ቤት ሲጠብቃት ታገኘዋለች፤ ልጃችን ሄደች ብላም ትነግረዋለች። ሴት ልጃቸውን በተክሊል ድረው፥ ሙሽሮቹ ከሄዱ በኋላ ወደ ባዶው እልፍኝ የገቡ ወላጆች ያን ምሽት ያውቁታል።